በዘበኛው ላይ የጻፍኩትን ስለማንሳት፦ ከካያኩ የወደቀው ዓሣ ጠቋሚ ጉዳይ

የምስክር ቃል መቀበያ ቅጽ

የምስክሯ መጠሪያ፦ መረብ ጠጋኟ (በወደቡ ሁሉም በዚህ ያውቃታል)
ዕድሜ፦ 64 ዓመት
ሥራ፦ መረብ መጠገን
አድራሻ፦ ከጀልባ ወደቡ በላይ፣ ከበረዶ ቤቱ ጎን ያለው ባለ አንድ ክፍል ቤት
የትምህርት ሁኔታ፦ ማንበብና መጻፍ ትችላለች
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8፡20
ቃሉን የተቀበለው፦ የዕለቱ ተረኛ መርማሪ

እኔ ከላይ የተገለጽኩት ምስክር፣ ባለፈው ቅዳሜ በዚሁ ጣቢያ በገዛ እጄ ጽፌ የሰጠሁት ቃል ሐሰት ስለሆነ እንዲነሣ፣ በእሱ ምክንያት የታሰረው የወደቡ ዘበኛም እንዲለቀቅ ለማመልከት ማንም ሳያስገድደኝ ቀርቤያለሁ። የሐሰት ቃል መስጠት በሕግ እንደሚያስጠይቅ መርማሪው ነግሮኛል። ቅዳሜም ነግሮኝ ነበር።

ዓሣ ጠቋሚው የታናሽ ወንድሜ ንብረት ነው። ወንድሜ ጡረታ የወጣ የጭነት መኪና ሾፌር ሲሆን፣ ወገቡ መሪ ላይ ስላለቀ ከሌሎች ጋር ትልቅ ጀልባ መሳብ አይችልም። ስለዚህ ባለፈው ዓመት ካያክ የሚሉትን፣ አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ ጠባብ የፕላስቲክ ጀልባ ገዝቶ ብቻውን እየቀዘፈ ያጠምዳል። ዓሣ ጠቋሚው እስኪመጣለት ሰባት ወር ጠብቋል። መሣሪያው ወደ ውኃው ድምፅ ይልክና ሲመለስለት ጥልቀቱን፣ የታቹን ቅርጽና ዓሣው ያለበትን በትንሽ መስኮት ላይ ያሳያል።

ሐሙስ ከቀኑ 9፡00 ሰዓት ላይ መሣሪያውን ካያኩ ላይ አብሬው እንድገጥም ወንድሜ ጠራኝ። የእሱ ጣቶች ደንዝዘዋል፤ የእኔ ይሠራሉ። ጀልባው እንዳይበሳ አስቀድሞ አስጠነቀቀኝ። «ደህና ጀልባ በስቶ ውኃን ግባ የሚል የት አገር አለ?» አለ። በካያኩ ጎን ከፋብሪካው አብሮት የወጣ ቦይ አለ። የመሣሪያውን መቆሚያ በቦዩ ውስጥ አንሸራትተን፣ ሲቀዝፍ ክርኑ እንዳይመታው ሁለት ጊዜ ወደ ፊት ገፍተን፣ በእጅ በሚዞር ብሎን አጠበቅነው። መስኮቱ መቆሚያው ላይ ጠቅ ብሎ ይገባል። ድምፅ የሚልከው ክፍል፣ ወንድሜ «ጆሮው» የሚለው፣ ከመቆሚያው ጋር በተያያዘ ሌላ ዘንግ ጫፍ ሆኖ ወደ ውኃው ይወርዳል። ባትሪውን ክዳኑ በሚገጥም የምግብ ዕቃ ውስጥ አድርገን፣ ሽቦው የሚወጣበትን ቀዳዳ በሲሊኮን ደፍነን ከመቀመጫው ኋላ አስቀመጥነው። ወደቡ አጥር ስለሌለውና ካያኩ ሜዳ ላይ ስለሚያድር ሁሉም እንዲነቀል ተደርጎ ነው የተገጠመው። ወንድሜ ነቅሎ በጥቁር ቦርሳ ወደ ቤቱ ሊወስደው ነበር ሐሳቡ።

ከመሣሪያው ጋር ቀጭን የናይለን ገመድ አብሮ መጥቷል። መስኮቱ ከመቆሚያው ቢወልቅ ውኃ ውስጥ እንዳይገባ፣ በገመዱ ጫፍ ባለው የብረት መንጠቆ ከመቀመጫው ቀለበት ጋር ይያያዛል። እኔ መንጠቆው ይንቋቋል ብዬ አውልቄ ጣልኩትና ገመዱን በቋጠሮ አሰርኩት። ወንድሜ «እታለም፣ ተዪው መንጠቆውን፤ ሰዎቹ ያለ ነገር አልሰጡንም» ብሎኝ ነበር። እኔም «አርባ ዓመት መረብ የቋጠረ እጅ ነው፤ ይቺን ቋጠሮ አዞም አይፈታት» አልኩት። ያ ቋጠሮ የጥጥ ክር ቋጠሮ ነው። ጥጥ ሲረጥብ ያብጥና ይጠብቃል፤ ናይለን ሲረጥብ ይንሸራተታል። ይህን አላውቅም ማለት አልችልም። የናይለን መረብ ወደ ወደቡ የመጣ ጊዜ ድርቡን ቋጠሮ ለሌሎቹ ሴቶች ያስተማርኩት እኔ ነኝ። የዚያን ቀን ግን ጣቶቼ የጥንቱን አሰሩ፤ አፌ ሲፎክር እጄን አላየሁትም።

ወንድሜ ሐሙስ ለሙከራ ግማሽ ሰዓት ቀዝፎ እየሳቀ ተመለሰ። «ለካ ዕድሜ ልካችንን በዳበሳ ነው የኖርነው! አራት ሜትር ስንለው የኖርነው ዘጠኝ ነው!» እያለ ለሁሉም ሰው ነገረ። ከሚስቱ ሞት ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ዓርብ ወንድሜ ለወገቡ የሐኪም ቀጠሮ ነበረው። ቦርሳውን ከነመሣሪያው እኔ ቤት አስቀምጦ፣ ማንም እንዳይነካው አደራ ብሎኝ ሄደ። ከወደቡ ፊት ለፊት፣ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ አጥማጆች «ጥርሱ» የሚሉት ቦታ አለ። ውኃው ድፍርስ ስለሆነ ከላይ ምንም አይታይም፤ መረብ ግን እዚያ ይቀደዳል። አንዱ ዓለት ነው ይላል፣ ሌላው የሰጠመ ጀልባ። አርባ ዓመት ሙሉ ከጥርሱ የመጣ መረብ ስጠግን ኖሬያለሁ፤ ዓይኔም የደከመው በዚሁ ነው። አንድ ቀን እንኳ ፊቱን ልየው ብዬ ከጠዋቱ 2፡00 ሰዓት ላይ፣ ሳላስፈቅድ፣ መሣሪያውን ብቻዬን ገጥሜ ካያኩን አወጣሁ። ብሎኑን እስከ መጨረሻው ያጠበቅኩ መስሎኝ ነበር።

ጥርሱ ጋ ስደርስ በመስኮቱ ላይ የታቹ መስመር ከስድስት ሜትር ዘሎ አንድ ሜትር እስከማይሞላ ጥልቀት ወጣ። ልጠጋው ስል ከውኃው በታች ያለውን ዘንግ አንድ ነገር ያዘው። ካያኩ ሲሄድ ዘንጉ ወደ ኋላ ተጎተተ፤ መቆሚያው በቦዩ ውስጥ ተንሸራቶ ዞረ፣ ሽቦው ከባትሪው ተነቀለ፣ መስኮቱ ወልቆ ውኃ ውስጥ ገባ። ገመዱ ተወጠረ። ይይዛል ብዬ እጄን አልዘረጋሁም። ቋጠሮዬ በዓይኔ እያየሁት ተፈታ። ሰዓቱ በግምት 2፡40 ነበር።

ወደ ወደቡ ስመለስ ካያኩን ከውኃ ያወጣልኝ ዘበኛው ነው። ዘበኛው ቁልፌ ይባላል፤ ወገቡ ላይ በሚያንጫጫው የቁልፍ ቀለበት ምክንያት የወጣለት ስም ነው። መስኮቱን ስዳብስ እጆቼን ውኃ ውስጥ ሰድጄ እስከ ብብቴ ረጥቤ ስለነበር ኮቱን አውልቆ ትከሻዬ ላይ ጣለልኝ። ባዶውን መቆሚያ አይቶም «ምነው ጠጋኟ፣ ዓሣዎቹ ቴሌቪዥናቸውን ወሰዱት እንዴ?» አለኝ። ቀልድ ነበር። አሁን ሳስበው ሊያስቀኝ ፈልጎ ነው።

ከዘበኛው ጋር ቂም ነበረኝ። መርማሪው ይህ ለጉዳዩ ያስፈልጋል ወይ ብሎ ጠይቆኝ ያስፈልጋል ስላልኩ ተጽፏል። ከስድስት ዓመት በፊት፣ በሃምሳ ስምንት ዓመቴ፣ ከሥራ በኋላ ለትልልቅ ሰዎች በሚሰጠው ትምህርት ፊደል መቁጠር ጀምሬ ነበር። ደብተሬን ይዤ በወደቡ ሳልፍ ቁልፌ በሰው መሐል «በዚህ ዕድሜ ፊደል? የመቃብርሽን ድንጋይ አንብበሽ ስሕተት ልታርሚ ነው?» አለኝ። አጥማጆቹ ሁሉ ሳቁ። እሱ በማግስቱ ረስቶታል። እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰላም ሲለኝ ያቺን ሳቅ እሰማ ነበር።

ወንድሜ ከቀኑ 7፡00 ሰዓት ላይ ከሐኪም ቤት ተመልሶ ቦርሳውን ጠየቀኝ። ባዶውን ቦርሳ ከአልጋዬ ሥር ደብቄው ነበር። ለገጠማ ካያኩ ላይ አስቀምጬው ለአፍታ ዞር ስል አጣሁት አልኩት። ማን ነበር እዚያ ሲለኝ፣ በድንጋጤ ምክንያት «ማን ይኖራል፣ ቁልፌ እንጂ» አልኩት። ወንድሜ «ቁልፌ? ሃያ ዓመት አንድ ሚስማር ያላነሣው ሰውዬ?» አለ። እኔም ሰው አይታወቅም አልኩ።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 3፡30 ከወንድሜ ጋር ወደዚህ ጣቢያ መጣን። መርማሪው ቃሌን እየተናገርኩ ይጻፍልኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። ራሴ እጽፋለሁ አልኩ። ከዚያ በፊት መሥሪያ ቤት በሄድኩ ቁጥር አሻራ ነበር የማደርገው፤ በሕይወቴ በእጄ ጽፌ ለመንግሥት ያስገባሁት የመጀመሪያ ወረቀት ያ ነው። ዘበኛው ዓርብ ከጠዋቱ 3፡00 ላይ ከካያኩ አጠገብ ጥቁር ቦርሳ ይዞ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ ብዬ ስምንት መስመር ጻፍኩ። መርማሪው አንብቦ «ጽሕፈትዎ እንዴት ያምራል፣ እናቴ» አለኝ። ደስ አለኝ። ካደረግሁት ሁሉ ዛሬ ስናገረው የሚከብደኝ ያ ደስ ማለቴ ነው። ቤቴ ስገባ የቁልፌ ኮት ከግድግዳው ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

ዘበኛው ተይዞ ሲጠየቅ እኔ በካያኩ እንደወጣሁና ያለ መሣሪያው እንደተመለስኩ እውነቱን ተናግሯል። የእሱ ቃል ግን በአፍ ተነግሮ አሻራ ያረፈበት ነበር፤ የእኔ በእጅ የተጻፈ። ቤቱ ተፈትሾ ምንም ሳይገኝ፣ በጽሑፍ ያረጋገጠች ምስክር አለች ተብሎ እስከ ዛሬ ታስሯል።

ሰኞ ከጠዋቱ 4፡00 ሰዓት ላይ የመሣሪያው ቁጥር ያለበትን ካርቶን ላስረክብ ብቻዬን መጣሁ። ቁልፌ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚው ላይ ተቀምጧል። ያለ ቀበቶና ያለ ቁልፍ ስለነበር መጀመሪያ አላወቅኩትም። ቀኝ አውራ ጣቱ በቀለም ሰማያዊ ሆኗል፤ በሱሪው ይጠርገዋል፣ አይለቅም። ይሰድበኛል ብዬ ቆምኩ። አልሰደበኝም። «ጠጋኟ፣ የጻፍሽውን እነዚህ አንብበውልኛል» አለኝ። «ካላስቸገርኩሽ ግን አንቺው አንብቢልኝ፤ ከአፍሽ ልስማው። እኔ እንደሆንኩ ማንበብ አልችልም።» ይህ ሰው ጋዜጣ በብብቱ ሳይዝ ወደቡ ላይ ታይቶ አያውቅም። እኔም መነጽሬን አልያዝኩም አልኩት። መነጽሬ ግንባሬ ላይ ነበር። እሱም አየው።

ከዚያ ሄጄ ለወንድሜ ሁሉንም ነገርኩት። «መሣሪያውስ ይቅር፣ እታለም። ሰውየውን ምን ልንለው ነው?» አለኝ። ዛሬ ከንጋቱ 12፡30 ላይ ጀልባ ተውሰን ጥርሱ ላይ በገመድ የታሰረ ትልቅ መንጠቆ ጣልን። በሦስተኛው ጉተታ ከባድ ነገር መጣ። ዓለት አይደለም። ከአንድ የሰጠመ ጉቶ ላይ ተጠምጥሞ የኖረ የቀድሞ አጥማጆች መረብ ነው፤ የመጣ መረብ ሁሉ እዚያ እየተያዘ፣ እየተቀደደ፣ ሌላውን የሚይዝ ክምር ሆኗል። መስኮቱ በመረቡ ውስጥ ተጠላልፎ ተገኘ። ከመረቡ መሐል እኔ በወጣትነቴ የጠገንኩት የጥጥ መረብ ነበረበት፤ ቋጠሮው እስከ ዛሬ አልተፈታም።

መስኮቱን፣ ጫፉ ያልተቆረጠና ያልተበጠሰ ገመዱን፣ ጥቁሩን ቦርሳ እና የዘበኛውን ኮት በማስረጃነት አስረክቤያለሁ።

ከዚህ በታች ያለው በምስክሯ እጅ የተጻፈ ነው።

መርማሪው የጻፈውን ሊያነብልኝ ሲል ተቀብዬ ራሴ አነበብኩት። አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። ለወንድሜ የመለስኩለት መልስ ላይ «በድንጋጤ ምክንያት» የሚል አገኘሁ። እኔ እንዲህ አላልኩም። መርማሪውን ስጠይቀው «ለእርስዎ ብዬ ነው እናቴ፣ ነገሩን ያቀልልዎታል» አለኝ። አይቅለልልኝ። ድንጋጤው ውኃው ላይ አልቆ ነበር። የቁልፌን ስም ስጠራ ምላሴ አልተያዘም። ሁለቱን ቃላት ሰርዤ በቦታቸው «በቂም» ብያለሁ። ስርዙ የእኔ ነው።

ከላይ ያለው እውነት ነው። ቅዳሜ የጻፍኩትም መጨረሻው ላይ እንዲህ ይል ነበር። ስለዚህ ፊርማዬ ብቻውን እንዳይታመን ከጎኑ የቀኝ አውራ ጣቴን አሻራ አድርጌያለሁ።

በእኔ ላይ የሚደረገው ይደረግ፤ ከዚያ በፊት ግን ከተፈቀደልኝ፣ ቁልፌ ሲወጣ ይህን ወረቀት ላነብለት እዚያው አግዳሚ ላይ እጠብቀዋለሁ። መነጽሬን ይዣለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ተፈርሟል
የቀኝ አውራ ጣት አሻራ፦ አርፏል
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ ተፈርሟል፤ ስርዙን አይቻለሁ
ቃሉ ያበቃበት ሰዓት፦ ከቀኑ 10፡45