በኖራ እሳት የነደደች ሳንቃ

ኬዚያ ታላቅ ወንድሟን ኤሬማስን ይቅር ያላለችው በአንዲት ሳንቃ ነው። ልጅ ሳለች ከአሮጌ ታንኳ ጎን ፈልጣ፣ በዛጎል ፍቃ ያለሰለሰቻት ሳንቃ ነበረች። በእሷ ላይ ቆማ ማዕበል ስትጋልብ ወንድሟ አያት። ሴት የቆመችበት ውኃ ዓሣ ይነሳል ብሎ ሳንቃዋን ነጠቃትና ኮራል የሚባለውን የባሕር ውስጥ ሕያው ድንጋይ አቃጥሎ ኖራ በሚያወጣበት እሳት ውስጥ ጨመራት። ኬዚያ እሳቱ እስኪከስም ቆማ አየች። ከዚያ ወዲህ ለማዕበል ብላ ባሕር ገብታ አታውቅም። አገባች፣ ወለደች፣ ባሏንም ቀበረች፤ ያ ጢስ ግን ከአፍንጫዋ አልወጣም።

አንድ ማለዳ ከልጇ ከሮዳ ጋር ከጎደሬ እርሻ ሲመለሱ፣ ኤሬማስን ባሕሩ ዳር አገኙት። ታንኳውን ወደ አሸዋው ይጎትታል። ታንኳው ገና ከውኃ በወጣ፣ ዝልግልጉ ባልደረቀ ኮራል ሞልቷል። ጉንጩን ከኖራ ጋር የሚያኝከው የቡዋይ ፍሬ አሳብጦታል፤ ከንፈሩ ቀልቷል።

"እንደምን አደሩ፣ አጎቴ" አለች ሮዳ ዝቅ ብላ። ከተማ ተምራ፣ የማዕበል ሳንቃ ይዛ ብትመጣም ማክበር አልረሳችም።

"አንቺ ባለ ሳንቃ! የእናትሽ እንኳን ደረቅ እንጨት ነበረች፤ አነዳደዷ ግሩም ነበር። ያንቺ ፕላስቲክ ነው፤ ቢያቃጥሉት ይሸታል" ብሎ ሳቀ።

ኬዚያ ቅርጫቷን አወረደች። ሮዳ ግን ቁጣዋን ዋጠች።

"ሴቶቹ ማዕበል መጋለብ ስለሚማሩበት የሰርፍ ካምፕ መልስዎን እየጠበቅን ነው፣ አጎቴ። የቤተ ክርስቲያን እናቶች ጎጆውን ሊሠሩ፣ የእንግዳ ማረፊያው ባለቤት ጀልባውን ሊያውሱን፣ የሰርፍ ማኅበሩም አሠልጣኝ ሊልክ ተስማምተዋል። ኮራሉ ካልተከለለ ግን ማኅበሩ አይመጣም።"

"ኮራሉን ከልዬ ኖራ ከየት ላምጣ? ቡዋይ ያለ ኖራ እኮ አፍ እንኳን አያቀላም!"

"በልተን የጣልነው ዛጎል በየጓሮው ተከምሯል። እሱን ያቃጥሉ።"

"የዛጎል ኖራ ምላስ ይልጣል። የሚጥመው የሕያው ኮራል ነው። ደሞስ ሴት ልጅ ማዕበል ላይ ተገትራ ምን ታመጣለች? ዓሣ ትይዛለች?"

"ትዋኛለች፣ አጎቴ። ባለፈው ክረምት ጀልባዋ ስትገለበጥ ወንዶቹ ዋኝተው ወጡ። የቀሩት እነማን ነበሩ?"

ኤሬማስ ቀይ ምራቁን አሸዋው ላይ ተፋ። "እሱ የእግዜር ሥራ ነው።"

"ከባሕር ያራቃቸው እግዜር አይደለም" አለች ኬዚያ።

ልማድ ክፋቱ ይህ ነው። ሴቲቱን ከውኃ ያርቃታል፤ ስትሰምጥ ደግሞ ጥፋቱን ለፈጣሪ ይሰጣል። ሬሳ ያጠቡት እናቶች ያውቁታል።

"የዚህ ባሕር አፍ እኔ ነኝ። እኔ ካልተናገርኩ የሚዘጋ ነገር የለም" አለ ኤሬማስ ቆጣ ብሎ።

"አፉስ አንተ ነህ። ርስቱ ግን ከእናታችን ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ሮዳ ነው የሚሄደው። ያንተ ልጆች የእናታቸው መሬት አላቸው። የምታቃጥለው የልጄን ነው። እስቲ ዞረህ ወደዚያ እይ።"

ዳርቻው ላይ ካለው ዛፍ ሥር የእናታቸው መቃብር አለ። ባሕሩ አፈሩን ከሥሩ በልቶት፣ የሲሚንቶው ጠርዝ አየር ላይ ተንጠልጥሏል።

"ድሮ ማዕበሉ ኮራሉ ላይ ተሰብሮ፣ ደክሞ ነበር እዚህ የሚደርሰው። ያንን ግንብ አቃጥለህ አኘክኸው። እናታችንን እያኘክኻት ነው፣ ኤሬማስ!"

ሮዳ አፏን በእጇ ያዘች። በእነሱ ዘንድ እኅት የወንድሟን ስም አትጠራም። ኬዚያ ሳንቃዋ ስትነድ እንኳን "ወንድሜ" ነበር ያለችው።

ኤሬማስ ያኘከውን መዳፉ ላይ ተፍቶ ትኩር ብሎ አየው። ከዚያ ታንኳው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ።

"ይዘጋ" አለ። "ካምፑም ይሠራ። ዛጎሉንም አቃጥላለሁ፤ ምላሴ ይላጥ።"

"ኮራሉ ካገገመ ዓሣው ይመለሳል፣ አጎቴ። ማዕበል ሊጋልቡ የሚመጡት እንግዶች በእናቶች ጎጆ ያርፋሉ፤ የእናቶችን ጎደሬ ይበላሉ። ልጃገረዶቹ እየዋኙ ኮራሉን ይጠብቃሉ፣ ዳርቻውንም ዛፍ ያለብሱታል። አያቴም በሰላም ትተኛለች።"

"ገባኝ አልኩ እኮ! ባሕሩ መዘጋቱን የሚያሳየውን የመከልከያ ቅጠል ነገ ወስጄ ኮራሉ ላይ አስራለሁ።"

"አንተ አታስርም። አንተ ለሰው ንገር" አለች ኬዚያ።

ኬዚያ የኮኮነት ቅጠልና እንጨት አንሥታ፣ ዳርቻው ላይ በነበረው የሮዳ ሳንቃ ላይ በሆዷ ተኛች፤ በእጇ እየቀዘፈችም እስከ ኮራሉ ጫፍ ሄደች። እንጨቱን ድንጋይ መሐል ሰክታ ቅጠሉን አሰረችበት። ስትመለስ ማዕበል መጣላት። ልትቆም ሞከረች፤ ጉልበቷ አሻፈረኝ አለ። እንደ ተኛች ማዕበሉ አሸዋው ላይ አደረሳት።

ኤሬማስ ኮራሉን በእቅፉ እየያዘ ወደ ባሕሩ ይመልስ ነበር። ኮራሉ ግን ፀሐይ መትቶት ነጥቷል፤ አይድንም።

"እንግዲህ ይቅር አልሽኝ?" አላት።

"ባሕሩን ዘጋሁ እንጂ ይቅር መች አልኩ?"

ኬዚያ ሳንቃውን ለሮዳ አቀበለቻት።

"ሂጂ፣ ልጃገረዶቹን ጥሪ። ጉልበታቸው እንደ እኔ ሳይደርቅ።"