ያለ ዘንጓ ባቡር አይወጣም

ወዳጆቼ፣ እባካችሁ ወንበራችሁን ጠጋ ጠጋ አድርጉ። አንተ ቀያሹ፣ ብርጭቆህን አስቀምጥ፤ ገና አልተፈቀደም!

የሽኝት ንግግር ተሸኚው መሥሪያ ቤት የገባበትን ቀን በማንሳት ይጀመራል። እኔ ግን እዚህ ላይ ተቸገርኩ። ጋሼ ጣቢያ ወደ እኛ አልመጡም፤ እኛ ነን የመጣንባቸው። የመንገድ ጥገና ቢሯችን ይህን የድሮ ባቡር ጣቢያ ሲረከብ፣ የርክክቡን ዝርዝር የጻፍኩት እኔ የመዝገብ ቤቷ ነኝ። "አግዳሚ ወንበር ስድስት፣ የግድግዳ ሰዓት አንድ፣ ቁልፉ የጠፋ ካዝና አንድ" እያልኩ ትኬት መስኮቱ ጋ ስደርስ፣ ኮፍያ ያደረጉ ሰው ከጀርባው ተቀምጠዋል።

"እርስዎስ?" አልኳቸው።

"እኔንም ጻፊኝ" አሉኝ። "የጣቢያ ሹም፣ አንድ። በሥራ ላይ ያለ።"

ጻፍኳቸዋ! ምን ላድርግ? ወረቀቱ ዛሬም አለ፤ ከካዝናው ቀጥሎ ናቸው። ባቡሩ ግን ያኔ ከቆመ ሦስት ዓመት አልፎት ነበር።

ለአዲሶቹ ልንገራችሁ። መስመሩ ከዚህ እስከ ጥጥ መዳመጫው አርባ ሁለት ኪሎ ሜትር ነበር። የዘረጋው የጥጥ ኩባንያ ሲሆን፣ ያለው ባቡር አንድ ብቻ ነው። "አሮጊቷ" ይሏታል። ጠዋት ሰው ጭና ትሄዳለች፣ ማታ ሰውና ጥጥ ቀላቅላ ትመለሳለች። ተሳፋሪው ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ከፀጉሩ ላይ ጥጥ ትለቅምለታለች። ዳገቱ ጋ ሲደርሱ ወንዶቹ ወርደው በእግራቸው ይወጡታል፤ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቋታል።

የመስመሩ ሕግ ያቺ ዘንግ ናት፤ ከሰዓቱ ሥር ምስማር ላይ ተሰቅላ የምታውቋት፣ ክንድ የምታህለው ናስ። ሐዲዱ ነጠላ ስለሆነ ሁለት ባቡር ፊት ለፊት እንዳይገናኝ፣ ዘንጓን ያልያዘ ሾፌር ከጣቢያ አይወጣም። ጋሼ በእጁ እያስያዙት፣ "መስመሩ ያንተ ነው። ፊት ለፊት የሚመጣብህ የለም። ሂድ" ይሉታል።

አንድ ቀን ታዲያ ሾፌሩ ዘንጓን ካፖርቱ ውስጥ ረስቶ አማቱን ሊጠይቅ ሄደላችሁ። በማግስቱ ተተኪው መጣ፣ አሮጊቷ ተንተከተከች፣ ዘንግ የለም። ሰው ጮኸ።

"ጋሼ፣ ባቡሩ እኮ አንድ ብቻ ነው! ከማን ጋር ይጋጫል?"

"ከደንቡ ጋር!"

ሰማንያ ሰው እስከ ቀትር ተገትሮ ቆየ። ሾፌሩን ከአማቱ ቤት በበቅሎ አመጡት።

ከዚያ አስፋልቱ መጣ፤ እንግዲህ የኛ ሥራ ነው። ጥጡን የጭነት መኪና ወሰደው፣ ድልድዩን ጎርፍ ወሰደው፣ ሐዲዱም ተነቅሎ ሄደ። ጋሼ ቀሩ። አሮጊቷ ትነሳበት በነበረው ሰዓት፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ በር ላይ ቆመው ግራና ቀኝ ያያሉ፤ ተመልሰው መዝገባቸው ላይ "መስመሩ ነፃ ነው" ብለው ይጽፋሉ። ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ እየመሩም ቢሆን ያው ነው። አይደለም እንዴ፣ ጌታዬ? ይኸው፣ አንገታቸውን ነቀነቁ።

እኔም ጥፋት አለብኝ። አንድ ሙቀት የበዛበት ቀን ዘንጓን አውርጄ መስኮት አስደገፍኩባት። ጋሼ ምስማሩን ቢያዩት ባዶ! ሮጠው ወጡና ከግቢ ሊወጣ የነበረውን ግሬደር እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙት። "ዘንጓ የለችም! አትወጣም!" የግሬደሩ ሾፌር ሞተሩን አጠፋ። ትንሽ ቆይተው ራሳቸውም ሳቁ፤ ሳቃቸውን ሲጨርሱ ግን የወጣችበትንና የተመለሰችበትን ሰዓት ጽፌ እንድፈርም አደረጉኝ።

ጋሼ፣ አሁን ወደ እርስዎ ልዙር። እናቴ በታመመች ጊዜ ሁለት ወር ሙሉ የኔን ሥራ ደርበው ሠሩልኝ። ላመሰግንዎ ስመጣ ቀና ሳይሉ "ተረኛ ነኝ" አሉኝ። ያን ቀን እዚያ ካዝና ጀርባ ገብቼ አልቅሻለሁ። እናቴም ዳነች። ዛሬ በሰው ፊት አመሰግንዎታለሁ፤ ከአንጀቴ።

ግን ይህችው "ተረኛ ነኝ" ሌላም ሥራ አላት። ልጅዎ የምትኖረው ጥጥ መዳመጫው አጠገብ ነው፤ የልጅ ልጅዎ አራት ዓመት ሞልቶታል። "አባባ፣ አንድ ቀን እንኳ ና" ስትልዎ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ኖሩ። ባለፈው ረቡዕ ሻይ ስንጠጣ የነገሩኝን ላወጣው ነው፤ ይቀየሙኝ።

"ስንቱን ሸኘሁ መሰለሽ" አሉኝ። "እኔ ግን የመስመሩን ጫፍ አላየሁትም። ዘንጓን የሚጠብቅ ሰው ያስፈልግ ነበር። አሁን ደግሞ ልሂድ ስል እግሬ ይፈራል።"

ጋሼ፣ ምስማሩን ይመልከቱት። ባዶ ነው። አይደንግጡ፣ ፈርሜ ነው ያወጣኋት! መዝገብዎ ላይ የወጣችበትን ሰዓት ጽፌያለሁ። የምትመለስበትን ክፍት ትቼዋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ ፒክአፑ በር ላይ ይቆማል፤ የሚነዳውም ያ ያስቆሙት የግሬደር ሾፌር ነው። ያለ ዘንጓ ንቅንቅ አልልም ብሏል። ግራና ቀኙን እኔ አያለሁ፤ ተረኛዋ እኔ ነኝ።

በሉ፣ አሁን ተፈቅዷል፤ ብርጭቋችንን እናንሳ! ለጋሼ ጣቢያ ጤና፣ ረጅም ዕድሜ፣ አያቱን በር ላይ ለሚጠብቀው ልጅም ደስታ!

እንግዲህ እጅዎን ይዘርጉ፣ ጋሼ። ይያዟት።

መስመሩ የእርስዎ ነው። ፊት ለፊት የሚመጣብዎ የለም። ይሂዱ።