ካርቶኑ ላይ ያለችው ሴት

ለሱቄ ዕቃ ይዤ ከወልድያ ወደ መርሳ ስመለስ የሚኒባሱ ሬዲዮ ስለተበላሸ ጆሯችን ሥራ ፈትቶ ነበር። ከፊቴ አንዲት ወጣት የጻፈችውን አስፈሪ ታሪክ አጠገቧ ለተቀመጡ ባልቴት ታነብላቸዋለች።

«ከዚያስ ሙሽሪትን ምን አገኛት?»

«ለሠርጌ ልቅላ ብላ የተቀባችው ክሬም ፊቷን ላጠው። ከሥሩ ሌላ ፊት ወጣ።»

«በስመ አብ! የማን ፊት?»

«የክሬሙ ካርቶን ላይ ያለችው ሴት። ጠዋት እናቷ በሩን ከፍታ፣ ‹እሜቴ፣ ልጄን ጥሪልኝ› አለቻት።»

«ኧረ መጨረሻ ላይ እንኳ ትወቃት! እናት አይደለች?»

«አታውቃትም፣ እማማ።»

«የእኔስ ባል ምንም ሳልቀባ ነው የረሳኝ። ግን ጨካኝ ነሽ!»

«የምሠራበት ጸጉር ቤት ባለቤትም እንደዚያው አለችኝ። መርሳ የንባብ ዝግጅት ላይ ሄደሽ ሰው ፊት ካነበብሽው ሰኞ ሥራ እንዳትመጪ ብላኛለች።»

«ታዲያስ?»

«ይኸው ተሳፍሬ የለ? እሷ ቤት ሙሽሮቹን ያንን ክሬም ስቀባ የኖርኩት እኔ ነኝ፤ የማነበውም እኔው ነኝ።»

ሲሪንቃን ስናልፍ ባልቴቷ ወደ ልጅቷ ዞሩ።

«በይ እናቷ ያለችውን ድገሚው። ጮክ በይ፣ ሆዴ፤ እዚያ ስትደርሺ ድምፅሽ እንዳይከዳሽ።»

«‹እሜቴ፣ ልጄን ጥሪልኝ!›»

ጭኔ ላይ የያዝኩትን የክሬም ካርቶን፣ ሴትዮዋ ያለችበትን ጎን ወደ ሆዴ አዞርኩት።