ከደጅ ወጥቶ ደጅ የሚገባው መንገድ

ጋሼ ሰይፈ ሚካኤል ከሁሩሙ ገበያ ጨውና ሳሙና ይዘው ሲመለሱ፣ ባጃጁ አስፋልቱ ዳር አወረዳቸውና የቀረውን በእግራቸው ተያያዙት። ከቡና ማሳቸው አጥር ሥር ሲደርሱ አንዲት ወጣት በገመድ መሬት ስትለካ አገኙ። ሌላ ቀን ቢሆን ከሩቁ ይቆጧት ነበር፤ ያን ዕለት ግን ለቁጣ የሚሆን ጉልበት አልነበራቸውም። ግማሽ አካሏ ሽባ የሆነባትን ሚስታቸውን ሮማነወርቅን ሲያነሡና ሲያስተኙ፣ ሲያጥቡና ሲያጎርሱ ሁለት ዓመት ሞልቷቸዋል። ደክመዋል። ዘንቢላቸውን አስቀምጠው ጉቶ ላይ ዘፍ አሉ።

“አካም ጂርቱ፣ ጋሼ?” አለች ወጣቷ ለሰላምታ ቀና ብላ። የጎረቤታቸው የአቶ ነመራ ልጅ ዲሪቤ ነበረች፤ መቱ ሆስፒታል ውስጥ የዛለ እጅና እግር እያሠራች የምታበረታ ባለሙያ ናት።

“ፈያ ነኝ፣ ልጄ። ደግሞ ምን ልትወስዱብኝ ነው?”

“እውነቱን ልንገርዎት? ሦስት ክንድ ስፋት ያለው መሬት፤ ያውም ከአጥርዎ ውስጥ።”

ጋሼ ሳቅ ቃጣቸው። “ድፍረትሽስ ጥሩ ነው። ለምን ሊሆን?”

“ለእግር መንገድ። ከእርስዎ ደጅ ተነሥቶ፣ በቡናው ሥር አልፎ፣ ጅረቱን በድልድይ ተሻግሮ፣ በአባቴ ቀፎዎች፣ በጤና ጣቢያውና በቤተ ክርስቲያኑ በኩል ዞሮ፣ ተመልሶ እዚሁ ደጅዎ የሚገባ። ደረጃ የለው፣ መዝለያ የለው፤ ባለ ምርኩዙም በዊልቸር የሚሄደውም እኩል የሚጓዝበት። ሌላው ሁሉ ሜዳ ነው። እዚህ ጋ ግን አጥርዎን ለመዞር ገደሉን መውረድ ግድ ይላል። ሰፈሩ ተስማምቷል፤ የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት።”

“መሻገሪያ ትቼላችሁ የለም ወይ?” አሉ ጋሼ ወደ አጥሩ ክፍተት እየጠቆሙ። እዚያ እስከ ጉልበት የሚደርሱ ሁለት ግንዶች ተጋድመዋል፤ ከብት እንዳይገባ፣ ሰው ግን እግሩን አንሥቶ እንዲያልፍ።

“እግሩን ማንሣት ለሚችል ትተዋል፣ ጋሼ።”

“የማይችልማ ቤቱ ይቀመጣላ! አባቶቻችን ሲታመሙ ቤታቸው ነው የተቀመጡት። ሽርሽር ለማን ነው? ደግሞስ በዚህ በኢሉባቦር ዝናብ?”

እዚህ ላይ ሽማግሌውን ለመውቀስ አንቸኩል። የታመመን መውደድ ማለት ከሰው ዐይን መሸሸግ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ብርድ እንዳያገኘው፣ ወሬ እንዳይነካው ብለን በር እንዘጋለን። በሩ የተዘጋው በማን ላይ እንደሆነ ግን ቆም ብለን አንጠይቅም።

“እትዬ ሮማነወርቅስ?” አለች ዲሪቤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

“እሷን ተያት። መውጣት አትፈልግም።”

“ጠይቀዋቸው ያውቃሉ?”

“ጠይቄአለሁ እንጂ! ባለፈው ጥቅምት ጠበል ልወስዳት ቃሬዛ አሠርቼ አወጣኋት። የአገሩን ደንብ ታውቂያለሽ፤ ቃሬዛ ያየ መንገደኛ ሸክሙን ጥሎ ይሸከማል። ገበያተኛው ሁሉ ተሻማ። ሴቶቹ ሬሳ መስሏቸው እሪ አሉ። እሷ በደኅና እጇ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ከዚያ ወዲህ ‘እንውጣ’ ስላት ወደ ግድግዳው ትዞራለች።”

“ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እትዬ እምቢ ያሉት ቃሬዛውን ነው እንጂ ደጁን አይደለም። በሕይወት እያሉ ተለቀሰላቸው። ማን ነው እምቢ የማይል?”

ጋሼ ሰይፈ ሚካኤል ሚስታቸውን ከማንም በላይ የሚያውቁ ይመስላቸው ነበር፤ ይህን ግን አንድም ቀን አላሰቡትም። አፈሩ።

“ዊልቸሩማ አለ፤” አሉ በመጨረሻ። “እህቷ ከጎሬ ልካልን በቆሎ ከምሬበታለሁ። ወዴት ልግፋው? ከደጄ ሳልርቅ ጭቃው ይውጠዋል።”

“ጠጠር እናነጥፋለን፤ ውኃው በጎን ቦይ ይወርዳል።”

“ይሁን። መዞሩ ግን ምን አስፈለገ? ደርሶ መመለስ አይበቃም?”

“ደርሶ ለመመለስ ጠባብ ቦታ ላይ ወንበሩን ማዞር አለ። በዚያ ላይ የታመመ ሰው ‘እዚህ ይብቃሽ’ እየተባለ በተመለሰ ቁጥር ልቡ ይሰበራል። ዙሪያው መንገድ ግን ወደ ፊት እየሄዱ ቤት ያደርሳል። በየመቶ እርምጃው መቀመጫ እናቆማለን። ሲታክትዎ አረፍ ይላሉ፤ ያየዎት ጎረቤት ይቀበልዎታል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? ጓዳ ውስጥ ብቻዎን ሲደክሙ ግን ማን ያይዎታል?”

ሽማግሌው ይህን ጥያቄ ከማንም ሰምተውት አያውቁም። ሰው ሁሉ የሚጠይቃቸው “እንዴት አደረች?” ብሎ ነው። እንባ ሲመጣባቸው ወደ ማሳው ዞሩ።

“ከብት ይገባብኛል፤” አሉ፣ ክርክሩ ግን ከአንገት በላይ ሆኖ ነበር።

“ሰፊ መዝጊያ እናበጃለን። ሰው የሚመላለስበትን ማሳ ደግሞ ሌባም አይደፍረው።”

ጋሼ ተነሥተው ገመዱን በክንዳቸው ለኩት። “ሦስት ክንድ አይበቃም። አራት አድርጊው። አንዳንድ ቀን አባትሽ ቢገፋልኝ፣ እኔ ከጎኗ ልሂድ።”

“ገለቶማ፣ ጋሼ!” ብላ አመሰገነች ዲሪቤ።

ሰፈሩ በሦስት ቅዳሜ ደቦ ሥራውን ጨረሰ። ዛሬ በዚያ መንገድ ነፍሰ ጡሯ ሳትንሸራተት ጤና ጣቢያ ትደርሳለች፤ ዐይነ ስውሩ የቦዩን ጠርዝ በበትሩ እየተከተለ ብቻውን ቤተ ክርስቲያን ይስማል፤ ሸክም ያለበትም ገደል አይወርድም። ወገቡን የታመመ ሁሉ ደግሞ ጠዋት ጠዋት እግሩን ያፍታታበታል። ለአንድ ደካማ የተጠረገ መንገድ ለብርቱውም ይመቻል፤ ሰፈሩ ይህን በእጁ ሠርቶ አየው።

የመጀመሪያው ቀን ግን መንገዱ የሮማነወርቅ ነበር። ጋሼ በቆሎውን አውርደው ባዶውን ወንበር አልጋዋ አጠገብ አቆሙት። አየችው፤ ቆይታም እጇን ዘረጋችላቸው። ሲወጡ ቡናው አብቦ ነበር። የሚያገኛቸው ሁሉ “እንኳን ወጣሽ!” ይላል፤ እሷም በደኅና እጇ ትመልሳለች። ጋሼ ሦስት ቦታ አረፉ። ዞረው ደጃቸው ሲደርሱ ላብ አጥምቋቸው ወንበሩን ወደ በሩ አዞሩት።

“እለፍ፤” አለች ሮማነወርቅ። ከታመመች ወዲህ ንግግሯ አጭር ነው።

“ደርሰናል እኮ፣ ሮማን። ቤታችን ነው።”

“አውቃለሁ። እለፍ።”

ጋሼ ሰይፈ ሚካኤል በጣም ደክሟቸው ነበር። ወንበሩን መልሰው ወደ መንገዱ አቀኑና ገፉ።