ዳስ የተሠራለት ባጃጅ

ከደብረ ታቦር ወደ እብናት በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አዛውንት ገበሬ አጠገባቸው ያለውን ወጣት ሹፌር ያዋሩታል።

«ባጃጅ የሚገዛ ሰው ታውቃለህ ልጄ?»

«የማን ነው አባባ?»

«የራሴ። አዲስ ነው፤ የወንበሩ ላስቲክ እንኳ አልተነሳም።»

«መቼ ገዙት?»

«ዓመት አለፈው።»

«ታዲያ ምን ሲሠራ ከረመ?»

«ምንም። ዳስ ሠርቼለት ቆሟል።»

«ሙሽራ አደረጉት በሉኛ!»

«ሳቅብኝ። ለፋሲካ የሚቀለብ በሬ ቆሞ ዋጋው ይጨምር የለ? የባጃጅም ዋጋ ሲጨምር አየሁና፣ ካልነካሁት አተርፋለሁ አልኩ።»

«አሁን እኮ አስመጪዎቹ አዲሱ አልሸጥ ቢላቸው ቅናሽ አድርገዋል።»

«ደላላውም አዲሱ በቅናሽ እያለ የእርስዎን ማን ያየዋል አለኝ።»

«እውነቱን ነው። ታርጋ ከተለጠፈበት ባይነዱትም ያገለገለ ነው የሚባለው። አዲሱ ሲወርድ የእርስዎ ከእሱም በታች ይወርዳል።»

«እንዳልተነዳ አሳየሁትኮ!»

«እሱን ማን ይቆጥርልዎታል? በተገኘው ይሽጡትና በሬ ይግዙበት።»

«በተገኘው? ጠያቂም የለ። የነበሩኝን ጥማድ በሬዎች ከነባሕር ዛፌ ሸጬ ነው የገዛሁት።»

«ዘንድሮ በምን ሊያርሱ ነው ታዲያ?»

«መሬቴን ምርቱን እኩል ልንካፈል ለጎረቤት ሰጠሁ። እሱ ያርሳል፤ እኔ ባጃጅ እጠብቃለሁ።»

ከመንገዱ ዳር አንድ ሰው በጥማድ በሬ ሲያርስ አየሁና፣ አዛውንቱ እንዳያዩት እጄን ዘርግቼ በእሳቸው በኩል ያለውን የመስኮት መጋረጃ ሳብኩት።