መንዙማ ያለበት ፍላሽ

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣው ሚኒባስ ከፊቴ አንድ ሽማግሌ ገበሬና አንዲት ወጣት ተቀምጠዋል።

«ማክሰኞ ሆስፒታሉ ውስጥ ስትሯሯጪ ያየሁሽ አንቺ አይደለሽም?»

«ነኝ አባቴ። ኮምፒውተሮቹ የኔ ኃላፊነት ናቸው። ካርድ ክፍል አንድ ሰው መንዙማ ሊሰማ ፍላሽ ሰካ፤ ቫይረስ ነበረበት።»

«ከዚያስ?»

«የካርዱን ሥራ አቆመው። ሌላው ጋ ግን አልደረሰም።»

«ምን ከለከለው?»

«ፋይላችን የሚቀመጠው ክላውድ በሚሉት፣ በኢንተርኔት በምናገኛቸው የሩቅ ኮምፒውተሮች ላይ ነው። በክረምቱ ያን ሁሉ ለያየሁት። ካርዱ ለብቻ፣ ላብራቶሪው ለብቻ፣ መድኃኒቱ ለብቻ። አንዱ ወደ ሌላው የሚያልፈው ለተፈቀደለት ጉዳይ ብቻ ነው።»

«እንደ ጎተራ በይኛ። እህሉን ሁሉ አንድ ጎተራ የከተተ ሰው፣ ነቀዝ የገባ ለት ዘር እንኳ አይተርፈው።»

«ልክ እንዳሉት ነው። ሠራተኞቹ ግን በር አበዛሽብን ብለው አኩርፈውኝ ነበር።»

«ያኩርፉ። ማክሰኞ ሴቷ ልጄ እዚያው በምጥ ተይዛ ነበር። ደም ያስፈልጋታል ሲሉ፣ የደሟ ዓይነት ከላብራቶሪ ወዲያው ደረሰ፤ እሷም ልጇም ተረፉ። ወላሂ፣ ያንቺ እጅ እንዳለበት አላወቅሁም። አላህ ዕድሜሽን ያርዝመው።»

«አሚን፣ አባቴ። እንኳን በሰላም ተገላገለች።»

«ፍላሹን የሰካውስ ታወቀ?»

«እስካሁን እኔ ነኝ ያለ የለም።»

ኪሴ ውስጥ ያለውን ፍላሽ እንደጨበጥሁ፣ ካርድ ክፍል የምታውቀውን ድምፄን እንዳትለየው ብዬ «ወራጅ አለ» ሳልል ከመውረጃዬ አለፍሁ።