የእማማ የሹሜ መስመር

የግብርና ባለሙያ ነኝ። መራዊ አጠገብ ዳጉሳን እንደ ድሮው አትበትኑ፣ በመስመር ዝሩ እያልሁ ገበሬውን ብለምን ሁሉም ሳቀብኝ። እሺ ያሉኝ እማማ የሹሜ የሚባሉ አንዲት አሮጊት ብቻ ናቸው። እኒህን ሴት ምን አሳመናቸው? ነገሩ አላስችል ብሎኝ በአረም ሰሞን ማሳቸው ድረስ ሄድሁ። ተንበርክከው፣ መስመሩን በእጃቸው እየዳበሱ ያርማሉ።

«እማማ፣ ምርት ይጨምራል ስላልሁዎት ነው እሺ ያሉኝ?»

«ምርቱንስ እግዜር ያውቃል። ዓይኔ ከደከመ ወዲህ አረሙና ዳጉሳው እየተመሳሰሉብኝ ሰብሉን ስነቅል፣ ልጆቼ ማሳ እንዳልገባ ከልክለውኝ ነበር። አሁን ከመስመር የወጣው ሁሉ አረም ነው።»

ላግዝዎት ብዬ ጎንበስ አልሁና ዓይኔን አምኜ አንዱን ነቀልሁ። ተቀብለው የነቀልሁበትን ቦታ በጣታቸው ዳሰሱት፤ ልክ መስመሩ ላይ ነበር።

«ልጄ፣ ይኸ እኮ ዳጉሳ ነው» አሉኝ። «በል ዓይንህን ጨፍንና በእጅህ ሞክር።»